በልጄ ጃኬት የሞቅሁባቸው አራት ቀናት

ከቶሮንቶ ከተመለስኩ ጀምሮ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ «አገሩ እንዴት ነው?» ይለኛል። ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ እንድነግረው ይጠብቃል። ፎቁን አይቼዋለሁ፤ ረጅም ነው፤ አለቀ። እኔ ይዤው የተመለስኩት ወሬ ስለ አንድ ጃኬትና ስለ ልጄ ቀኝ እጅ ነው። ይህ ደግሞ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ጻፍኩት። እናንተ እዚያ ባትሄዱም ልጅ የላካችሁ ብዙ ናችሁ።

ስሜ ደምሴ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የተቃጠለ ሞተር እጠመጥማለሁ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሙያውን ያስተማረኝ የተቃጠለው ሞተር ራሱ ነው። እየፈታሁ፣ የሽቦውን ዙር እየቆጠርኩ፣ ስሳሳት መልሼ እያቃጠልኩ ተማርኩ። እንግሊዝኛም የተማርኩት ከሞተር መመሪያ ላይ ስለሆነ አነባለሁ እንጂ ስናገር የሚገባው ሰው የለም። አንድ ልጅ አለችኝ፤ ሰብለ ትባላለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። በቁጣ ነው ያሳደግኋት፤ አልክድም። ከሦስት ዓመት በፊት ለትምህርት ወደ ቶሮንቶ ሄደች። የዘንድሮው በረዶ ሲቀልጥ ከአንድ ኤሌክትሪሺያን ሥር ገብታ ሙያውን እንድትለማመድ ተቀብለዋታል። ይህን በሰማሁ ቀን ሱቄን ዘግቼ ብቻዬን ስቄያለሁ። እስከዚያው ግን «መንገድ ሥራ ላይ ነኝ» ብላኝ ነበር።

ሐሙስ

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት ከቤቴ ተነሣሁ። ሰብለ በስልክ «አባባ፣ ዊንተሩ ይለፍና ይምጡ፤ አሁን ብርዱ አይቻልም» ብላኝ ነበር። «በውርጭ ላይ የተወለደን ሰው በብርድ አታስፈራሪው» ብዬ ዘጋሁባት። የአባቴን በርኖስ ለበስኩ። የመንዝ በግ ጠጉር ነው፤ ዝናብ አያስገባም፤ ቁንጫም እንኳ አያስገባም። ሚኒባስ መናኸሪያው ላይ ጎረቤቴ ጥላዬ አየኝና «አቶ ደምሴ፣ ካናዳን ሊያንቀጠቅጧት ነው!» አለ። ረዳቱ ደግሞ «በርኖሱ ለብቻው ይከፈልበት፤ አንድ ሰው ያክላል» ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ቦሌ ድረስ በኩራት ሄድኩ።

አውሮፕላን ውስጥ ምግቡን በመዳፍ ልክ በሆነች ሣህን አመጡት። አጠገቤ የተቀመጠች ነርስ ነኝ ያለች ወጣት ዳቦዋን ሰጠችኝ። በርኖሴን አጣጥፋ ከላይ ካለው ዕቃ ማስቀመጫ ልትከት ብትሞክር አልገባ አለ፤ ታቅፌው አሥራ ምናምን ሰዓት በረርኩ።

ዓርብ

ጠዋት ደረስኩ። ሰብለ ወይዘሮ ሮማን ከሚባሉ ጎረቤቷ ጋር ልትቀበለኝ መጣች። ወይዘሮ ሮማን በደርግ ዘመን በስደት የገቡ፣ በዕድሜ የእኔ እኩያ፣ አፋቸው የተሳለ ሴት ናቸው። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር እስከ መኪናቸው ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በሦስተኛው እርምጃ አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ጠጉር እርስ በርሱ ተጣበቀ። በአሥረኛው ዐይኔ አለቀሰ፤ እንባው ጉንጬ ላይ ሳይደርስ ደረቀ።

«አባባ፣ በረደዎት?»

«ምን ይበርደኛል!»

የእኛ አገር ውርጭ ሌባ ነው፤ ሌሊት መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል። የዚያ አገር ብርድ ባለሥልጣን ነው፤ ፀሐይ እያየችው፣ በጠራራ ቀን ያደርገዋል። ማንም ደግሞ ምንም አይለውም።

ሰብለ የምትኖረው ስካርቦሮ፣ አንድ ፎቅ ላይ አሥራ ሁለተኛ ደርብ ነው። ወይዘሮ ሮማን ከሥሯ አሥራ አንደኛው ላይ ናቸው። ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ከመጠን በላይ ስለሆነ ሰው በከነቴራ ይቀመጣል። ጎረቤቶች ሲሞቃቸው መስኮት ይከፍታሉ። በዚያው መስኮት ሥር ሰው አውቶቡስ እየጠበቀ እግሩን ያራግፋል። እኛ ዘንድ ቢያንስ ሲበርድ ለሁሉም ይበርዳል።

ዓርብ ስለነበረ ምስርና ጎመን ቀረበ። እንጀራው በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ የመጣ ነው፤ አይነቀፍም። ስበላ የልጄን ፊት አየሁት። ጉንጮቿ ላይ ቆዳው ተልጦ ቀልቷል።

«ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ነፋስ ነው፣ አባባ።»

«ቢሮ ውስጥ ምን ነፋስ አለ?»

እንጀራዋን መቁረስ ያዘች። ወይዘሮ ሮማን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ሰብለ፣ እስካሁን አልነገርሻቸውም እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ነው የሰማሁት። መንገድ ሲቆፈር መኪና የምታቆመው እሷ ናት። በአንድ ፊቱ «ቁም»፣ በሌላው ፊቱ «ቀስ በል» የሚል ባለ ዘንግ ሰሌዳ ይዛ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ትቆማለች። ጮህኩባት። ሥራ አያሳፍርም፣ መደበቅ ነው የሚያሳፍረው፣ እኔ ውሸታም አላሳደግሁም አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን እሷ አልዋሸችም። «መንገድ ሥራ ላይ ነኝ» ነው ያለችው። ቢሮውን፣ ጠረጴዛውንና ከሥሯ የሚታዘዙትን ሰዎች ጨምሬ ለደብረ ብርሃን ሕዝብ ያወራሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ

ቦት ጫማ ልትገዛልኝ ወጣን። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሃያ ደቂቃ ቆምን። እዚያ ቆሜ የተማርኩት በርኖስ የተሠራው በበቅሎ ለሚሄድ ሰው እንደሆነ ነው። በቅሎዋ ከሥር ታሞቃለች። አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው ግን ነፋሱ ከታች ገብቶ እንደ ድንኳን ይነፋዋል። ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። በሁለት እጄ አገጬን ብይዘውም አልቆም አለ።

«አባባ፣ እየተንቀጠቀጡ ነው።»

«ብርድ አይደለም። ዕድሜ ነው።»

ምንም ሳትል መንገዱ ዳር ጃኬቷን አውልቃ በርኖሱን ገፋ አድርጋ አለበሰችኝ። ለሥራ ከሦስት ሹራብ በላይ እንዲሆንላት ሰፊ አድርጋ የገዛችው ስለሆነ ልክ መጣልኝ። ከዚያ ደረቴ ላይ ያለች ቁልፍ ተጭና ያዘች። ቀይ መብራት በራ። ትንሽ ቆይቶ ጀርባዬ ላይ፣ ከዚያም ደረቴ ላይ ሰው መዳፉን ያሳረፈብኝ መሰለኝ።

ሞተር ጠምጣሚ ነኝና ቤት እንደገባን ገለበጥኩት። ግራ ኪሱ ውስጥ መዳፍ የምታክል ባትሪ አለች። ከእሷ የሚወጣ ሽቦ በገበሩ ውስጥ ሦስት ቦታ ይሄዳል፤ ሁለቱ ደረት ላይ፣ አንዱ ጀርባ ላይ። ከዚያ ወዲያ ሽቦ ሳይሆን እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ክር ነው፤ ኤሌክትሪኩ እዚያ ሲደርስ እንደ ምድጃ ሽቦ ይሞቃል እንጂ አይግልም። ቁልፉ ሲጫኑት ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ይሆናል። በሰማያዊው ቀኑን ሙሉ ያደርሳል፤ በቀዩ ሦስት ሰዓት አይሞላም። የሠራው ሰው ብልህ ነው፤ እጁን እግዚአብሔር ይባርከው።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ሌላ አለኝ።»

ይህን ቃሏን ያዙልኝ። በሩ አጠገብ ያለው ቁም ሣጥኗ ክፍት ነበር። ሁለት እርምጃ ሄጄ ማየት እችል ነበር፤ አላየሁም።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቅዳሴው አገር ቤት እንዳለው ነው፤ ወለሉ ብቻ ይሞቃል። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይና ዳቦ ቀረበ። ከእንግዳ ጋር የሚተዋወቁ ሽማግሌዎች ከበቡኝ። እኔም ዚፑን ከፍቼ መብራቱን አሳየኋቸው። አንዱ እጁን ገበሩ ውስጥ ከትቶ «ወይ ጉድ! ምጣድ ለብሰው ነው እንዴ የመጡት?» አለ። ሌላው «ልጅ የወለደ እንዲህ ነው፤ የእኔ ልጅ ለእኔ ኮፍያ እንኳ አልገዛም» ብሎ አንገቱን ነቀነቀ።

ደስ አለኝ። ስለ ትሕትና ለሰው ስናገር የኖርኩ ሰው በልጄ ጃኬት እንደ ሹም ተጀነንኩ። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ በቀዩ ላይ አደረግሁት፤ አዳራሹ ውስጥም ጭምር፣ ላብ እያጠመቀኝ። ሰብለ ከሴቶቹ ጋር ቆማ በሩቁ ታየኝ ነበር። የዚያ ዕለት ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ አሁንም ያናድደኛል። አባቷ ስለሞቀው የምትደሰት ልጅ ማን እንዲህ አድርጎ አሳደጋት? እኔው ነኝ።

ሰኞ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የበሩ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሰብለ ሦስት ሹራብ ደራርባ፣ በላዩ ብርቱካናማውን የሥራ ካፖርቷን ለብሳ፣ ሄልሜቷን ይዛ ልትወጣ ነው። ጃኬቱ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። ባትሪው ሞልቶ ከላዩ ተቀምጧል።

«ሌላው ጃኬትሽ የታለ?»

«ሥራ ቦታ ነው፤ ሎከሬ ውስጥ ቆልፌበት መጣሁ። እርስዎ ይተኙ፣ አባባ። ሻይ በፔርሙስ አለ።»

ተኛሁ። ጠየቅሁ ተብሎ እንዲቆጠርልኝ ያህል ነበር የጠየቅሁት። ጠዋት ወይዘሮ ሮማን ከፎቃቸው ወጥተው ሰፈሩን አዞሩኝ፤ ገበያ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕንዶች ሱቅ ወሰዱኝ። ቤታቸው ወስደው ምሳ አበሉኝ፤ ድንች በሥጋ ነበር። ሰብለ ስትመለስ እጇን ለረጅም ጊዜ ውኃ ውስጥ አድርጋ ቆመች። «ደክሞኝ ነው» አለች። ራቷን በግራ እጇ በላች። አየሁ፤ ምንም አላልኩም። በግራ እጅ መብላት ነውር መሆኑን ብቻ ነገርኳት።

ማክሰኞ

የምትሠራበትን ቦታ በዐይኔ ላየው ተነሣሁ። አድራሻውን ወይዘሮ ሮማን ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ወረቀቱን ለሾፌሯ አሳየኋት። ጥቁር ሴት ናት፤ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣች መሰለኝ። አልፌ እንዳልወርድ አጠገቧ እንድቀመጥ በእጇ አሳየችኝ። ስንደርስ አውቶቡሱን አቁማ ወረደችና ክንዴን ይዛ የምሄድበትን አቅጣጫ ጠቆመችኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ጠበቀ፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ይህን ደግነት አልረሳውም፤ ስለ ቀሪው እንደምናደድ ሁሉ ይህንንም መናገር አለብኝ።

መንገዱ ግማሹ ተቆፍሯል። ነፋሱ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ያፏጫል። ጃኬቱ በቀዩ ላይ ስለሆነ ደረቴ እንደ መኝታዬ ሞቋል። ልጄን ከመንገዱ ማዶ አየኋት። ሰሌዳዋን ይዛ ቆማለች። አንድ መኪና ወደ እሷ ተጠግቶ ጡሩምባ ነፋ፤ ባለ መኪናው መስኮቱን በጣት ርዝመት ከፍቶ ተሳደበ፤ ሙቀቱ እንዳይወጣበት ወዲያው ዘጋው። እሷ ሰሌዳውን ወደ «ቀስ በል» ማዞር ነበረባት፤ አላዞረችውም። ዘንጉን በግራ እጇ ገፋችው እንጂ ቀኝ እጇ አልታዘዛትም።

ተሻገርኩ።

«አባባ፣ ከመንገድ ይውጡ!» አለች። ከንፈሯ ስለደነዘዘ ቃሉ ተሰባብሮ ነው የወጣው።

የካፖርቷን አንገት ይዤ ከፈትኩት። ሹራብ፤ ከሥሩ ሹራብ፤ ከሥሩ ሹራብ። ሌላ ጃኬት የለም። ሌላ ጃኬት ኖሮም አያውቅም።

መንገዱ መካከል ጃኬቱን አውልቄ ላለብሳት ስታገል ፎርማኑ እየሮጠ መጣ። ቶኒ ይሉታል፤ እንደ ግንድ የወፈረ፣ ጢሙ ላይ በረዶ የተንጠለጠለ ሰው ነው። መጀመሪያ በእኔ ላይ ጮኸ፤ ያለ ሄልሜት መግባቴን ነው። ከዚያ የእሷን እጅ አየና ጩኸቱን አቆመ። ሁለታችንንም ወደ መኪናው አስገባን። ጓንቷን ሲያወልቀው የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ እንደ ጧፍ ነጥተዋል። ሲነኳቸው ጠንካራ ናቸው፤ የሰው ሥጋ አይመስሉም።

እኛ አገር የደነዘዘ እጅ ይታሻል። በሁለት መዳፌ ይዤ ማሸት ጀመርኩ። ቶኒ «ኖ! ኖ!» ብሎ እጄን ያዘው። ወደ መኪናው ማሞቂያ ላስጠጋት ስል እንደገና ያዘኝ። በኋላ ሲነግሩኝ፣ የበረደውን ሥጋ ማሸት መጨፍለቅ ነው፤ ጣቱ ስለማይሰማውም ማሞቂያው ሳያውቁት ይጠብሰዋል። እኔ በእውቀቴ ልጎዳት ነበር ማለት ነው፤ በድንቁርናዬ ከጎዳኋት በላይ።

ሰብለ በግራ እጇ ለወይዘሮ ሮማን ደወለች። ሆስፒታል ስንደርስ ቀድመውን ቆመው ነበር። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ እጇን ከተቱት። ደሙ ሲመለስ ጮኸች። ልጄ ስትጮህ የሰማሁት ከሕፃንነቷ ወዲህ ያን ቀን ነው። ነርሷ ነገሩን ለእኔ እንዲያስረዱልኝ ለወይዘሮ ሮማን ነገረቻቸው፤ «ሰውነት ደረቱ ሲበርደው ልብን ለማዳን ሲል ደሙን ከጣት ይሰበስባል። ጣቷን የጎዳው የጓንቷ መሳሳት ብቻ አይደለም። ደረቷን የሚያሞቅ ነገር አልነበራትም።»

ጃኬቱን ታቅፌው ቆሜ ነበር። መብራቱ አልጠፋም፤ ሆዴን ያሞቀኛል።

«ጣቶቿ ይድናሉ?»

«ጊዜ ነው የሚለየው ይላሉ። ሳምንታት ይፈጃል» አሉ ወይዘሮ ሮማን።

እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ልጄን ተቆጣኋት። «ለምን አልነገርሽኝም? ለምን ዋሸሽኝ? እኔ ጠላትሽ ነኝ?» እያልኩ ጮህኩ። ሰዎች ዞረው አዩን። ሰብለ አንገቷን ደፋች። የመለሱልኝ ወይዘሮ ሮማን ናቸው።

«እርስዎስ ቅዳሜ ዕለት ሲበርድዎ ምን አሉ?»

«ምን አልኩ?»

«ዕድሜ ነው አሉ። ነግራኛለች። እሷ ደግሞ ሌላ አለኝ አለች። ሁለት ውሸታም፣ አንድ ጃኬት!»

የጃኬቱን ቁልፍ ተጭኜ መብራቱን አጠፋሁት። 

ረቡዕ

ንዴቴን የማወርድበት ሰው ፈለግሁ። ወይዘሮ ሮማንን አስተርጓሚ አድርጌ ወደ ሥራ ቦታው ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ማክሰኞ ያላየሁትን አየሁ። አዲስ የፈሰሰው ኮንክሪት እንዳይበርደው ወፍራም ብርድ ልብስ አልብሰውታል። በብርድ ልብሱ ሥር በቱቦ ሙቅ አየር ይነፉበታል። እኔ ብርድ ልብስ ከሚሠራበት ከተማ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ሲሚንቶ ብርድ ልብስ ሲለብስ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ከዚያ ሲሚንቶ አሥር እርምጃ ርቃ ነው ልጄ የቆመችው።

«ድርጅቱ ለሠራተኛ የሚሰጠው ምንድን ነው?» ብዬ አስጠየቅሁ።

ቶኒ ሄልሜቱን፣ አንጸባራቂውን ልብስና ሰሌዳውን አንድ በአንድ በጣቱ አሳየኝ።

«ሙቀቱስ?»

ካፖርቱን ከፈተ። ከሥሩ እንደ ሰብለ ጃኬት ያለ፣ እጅጌ የሌለው፣ መብራት የበራበት ሰደርያ ለብሷል። «ከኪሴ ነው» አለ። ከኋላው የቆሙትንም ጠራቸው፤ ሦስቱ ከፍተው አሳዩኝ። ሁሉም ከኪሳቸው ነው። አንደኛው ምንም የለውም፤ ከጫማ ሱቅ የተጣለ ካርቶን በደረቱ ውስጥ አስገብቷል።

ተናገርኩ። ወይዘሮ ሮማን ግማሹን ተርጉመው ግማሹን እንደተዉት ገብቶኛል። መኪና እንዳይገጫት ታንጸባርቃላችሁ፣ ድንጋይ እንዳይወድቅባት ትከድኗታላችሁ፤ ብርዱን ግን ራስሽ ቻይው! ሲሚንቶው ቢሰነጠቅ ይቆጠርባችኋል፤ የሰው ጣት ቢሰነጠቅ ማን ይቆጥራል? አልኩ። ቶኒ እስክጨርስ አዳመጠ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ የመለሰውን ወይዘሮ ሮማን ሳይሸራርፉ ተረጎሙልኝ፤ «ልክ ነዎት፤ እኔም ለአለቆች ብዬ ብዬ ደክሞኛል። ልጅዎ ግን ጃኬት ነበራት። ሰኞ ያለ ጃኬት ስትመጣ የት አደረግሽው አልኳት። ተበላሽቷል፣ አባቴ ሞተር ጠጋኝ ስለሆነ እየሠራልኝ ነው አለችኝ። ኩራት ነበር ድምፅዋ ላይ። እኔም አመንኳት።»

ያ ድርጅት ጥፋተኛ ነው፤ ዛሬም እላለሁ፣ ነገም እላለሁ። ነገር ግን በቁጣ የሄድኩበትን መንገድ ከወይዘሮ ሮማን ኋላ ኋላ እየተራመድኩ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት

ጣቶቿ አበጡ፣ ውኃ ቋጠሩ፣ ጠቆሩ። በየሦስተኛው ቀን ፋሻ ይቀየርላታል። ቶኒ አንድ ቀን ሾርባ፣ ሌላ ቀን ዳቦ ይዞ እየመጣ በር ላይ ቆሞ ይጠይቃታል፤ ግባ ብንለውም ጫማው ጭቃ ስለሆነ አይገባም። እኔ ዕቃ አጠብኩ፣ ምግብ ሠራሁ። ሽሮው አረረ። ሰብለ ያረረውን «ጣፋጭ ነው» ብላ በላችው።

በዚህች ቃል ትዕግሥቴ አለቀ። ወይዘሮ ሮማን ባሉበት ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት።

«ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ አይሆንም ማለት ትማሪያለሽ።»

«እሺ፣ አባባ።»

«እሺ አይደለም! ውኃ አምጪልኝ።»

ተነሣች።

«ተቀመጪ! አይሆንም በይ!»

«አባባ፣ ውኃ እኮ ነው፤ እንዴት ውኃ ይከለከላል?»

ወይዘሮ ሮማን ሳቃቸው አፈናቸው። «አቶ ደምሴ፣ አይሆንም ማለትን በትእዛዝ ሊያስተምሩ ነው? አይሆንም ብትልዎትም እሺ ማለቷ እኮ ነው!»

በአራተኛው ሳምንት ፋሻው ተፈታ። ትንሿ ጣቷ አዲስ ቆዳ አውጥታ ዳነች። የቀለበት ጣቷ ጫፍ ግን ከጥፍሩ ሥር ጀምሮ አይሰማትም። ሐኪሙ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። በሙያችን ቀጭን ሽቦ በዐይን አይያዝም፤ በጣት ጫፍ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሽቦ ዘረጋሁና ዐይኗን ጨፍና እንድታነሣው አደረግሁ። ሦስት ጊዜ ወደቀባት። በአራተኛው በመሐል ጣቷና በአውራ ጣቷ ያዘችው። እኔ የቆጠርኩት ግን ሦስቱን ነው።

«ሻንጣሽን አዘጋጂ» አልኳት። «አብረን እንመለሳለን። ሱቁ አለ፣ እኔ አለሁ። ይህ አገር ከዚህ በላይ ጣትሽን አይበላም።»

ሽቦውን በዚያው እጇ እንደያዘች ቀና አለች።

«አይሆንም።»

«ምን?»

«አይሆንም፣ አባባ። በረዶው ሲቀልጥ ሥራዬን እጀምራለሁ። በሦስት ጣት የምይዝ ከሆነ በሦስት ጣት ነው።»

ተቆጣሁ። እናንተ ተጸጽቼ አቀፍኳት ብዬ እንድጽፍ ትጠብቁ ይሆናል። አላቀፍኳትም። ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ዳቦዬን ለብቻዬ በላሁ። በይ ያልኳትን ቃል ስታመጣው በውኃ ላይ ታመጣዋለች ብዬ ነበር እንጂ በዚህ ላይ ታመጣዋለች ብዬ አልነበረም።

ሐሙስ፣ የመመለሻ ቀን

ወይዘሮ ሮማን በመኪናቸው ወሰዱን። በሩ አጠገብ ቦታ ስላጡ መኪናውን ከሩቅ አቁመው ሻንጣዬን ሰብለ በግራ እጇ ጎተተችልኝ። የሚያልቅ መንገድ አልመሰለኝም። ነፋሱ በበርኖሴ ሥር ገባ። ጥርሴ መንቀጫቀጩን ጀመረ። ሰብለ ጃኬቷን ለብሳለች፤ ቁልፉ ላይ ቀዩ መብራት በርቷል።

ዞር ብላ አየችኝ። የተጎዳው እጇ ወደ ዚፑ ሄደ። እዚያ ቆመ።

ሁለት ቀን ከዘጋሁት አፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፤ «በረደኝ።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ዚፑን እስከ አገጯ ድረስ ሳበችው። «ይፍጠኑ፣ አባባ።»

ፈጠንኩ።